ውኃን ያበላሸ ይክሳል፤ የደቡብ ሱዳን የነዳጅ ዘይት ሕግ ለአራሹና ለከብት አርቢው የሰጠው መብት

ስለ እርሻና ስለ ከብት ሀብት በሚነገርበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕግ መጻፋችን አንዳንድ አንባቢዎችን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ዘር ቢመረጥ፣ ማሳ በደንብ ቢታረስ፣ ከብት ቢከተብ፣ የሚጠጣው ውኃ የተበላሸ እንደ ሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ መሆኑ የታወቀ ነው። ውኃውን ላበላሸው ጥፋት ማን እንደሚጠየቅ የሚወስነው ደግሞ ሕግ ነው። ስለዚህ ዛሬ በነጭ ዓባይ ዳር ካለችው ከጁባ ከተማ ተነሥተን፣ የነዳጅ ዘይት በሚወጣበት በደቡብ ሱዳን የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ምን እንደሚል፣ በሥራ ላይ ለመዋል ለምን እንደ ዘገየ፣ አራሹና ከብት አርቢውም መብቱን ለማስከበር ምን ማድረግ እንደሚገባው ለመግለጽ እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ስለ ሀገሩ አቀማመጥ

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው። በዚያ ሀገር ባሕር ኤል ጀበል የሚባለው ነጭ ዓባይ ከጁባ ወደ ሰሜን ሲወርድ በሜዳው ላይ ተዘርግቶ ሱድ የተባለውን ታላቅ ረግረግ ይሠራል። ይህ ረግረግ በ2006 በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ዋጋ ካላቸው ረግረጋማ ቦታዎች መዝገብ ሲገባ፣ ስፋቱ 57 ሺሕ ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል ተብሎ ተጽፏል። የበጋው ወራት በደረሰ ጊዜ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ ዲንካዎች ቶይች የሚሉት ለምለም ግጦሽ ይገለጣል፤ ዲንካውም ኑዌሩም ከብቱን ወደዚያ እየነዳ ያከርማል፤ ዓሣም ያጠምዳል።

የነዳጅ ዘይቱ ጕድጓዶች የሚገኙት በዚሁ ሜዳና በዙሪያው ነው። በዩኒቲ ክፍለ ሀገር በቤንቲውና በታር ጃት አጠገብ፣ በላይኛው ዓባይ ክፍለ ሀገርም በፓሎችና በአዳር ይቆፈራል። ከነጻነት በኋላ የመንግሥቱ ገቢ ከመቶ 90 እጅ ያህሉ የመጣው ከዚህ ዘይት ነው። ዘይቱም ወደ ባሕር የሚደርሰው በሱዳን ምድር በሚያልፍ ቧንቧ ስለ ሆነ፣ በ2024 መጀመሪያ በሱዳን ጦርነት ምክንያት አንደኛው ቧንቧ በተሰበረ ጊዜ የሀገሪቱ ገቢ ክፉኛ ተጐድቶ ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ብለን ስንመለከተው፣ ሕጉ የሚጻፈውና ፈቃዱ የሚሰጠው ከወንዙ ላይኛ ወገን በጁባ ነው፤ ጕዳቱ የሚደርሰው ግን ከታችኛው ወገን ነው። በጁባ ያለ ሹም የሚጠጣው ውኃ ከዘይቱ ጕድጓድ በላይ የተቀዳ ነው። የሕግ ኀላፊነት ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ርቀት የተነሣ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከጋምቤላ የሚወርደው ባሮ ወንዝ ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ፣ ሶባት ተብሎ በማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። በጁባም ብዙ ወገኖቻችን በንግድ ሥራ ተሰማርተው ይኖራሉ።

2ኛ/ ዘይት ውኃን እንዴት እንደሚያበላሽ

ብዙ ሰው የዘይት ጥፋት ሲባል የሚመስለው ጥቁር ዘይት በውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ብቻ ነው። ይህ ዓይነቱ ጥፋት በዓይን ስለሚታይ ሰውም ከብትም ይሸሸዋል። የባሰው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ይኸውም በሁለት መንገድ ይመጣል።

አንደኛው ከዘይቱ ጋር ከምድር ውስጥ የሚወጣው ውኃ ነው። የዘይት ጕድጓድ እያረጀ በሄደ መጠን ዘይቱ እየቀነሰ ውኃው ይበዛል። ይህ ውኃ ጨው የበዛበት ሲሆን፣ የዘይት ቅሪትና ከባድ ማዕድናትም ይኖሩበታል። ዘይቱ ከተለየ በኋላ ውኃው ተጣርቶ ወደ መጣበት ጥልቅ ምድር መመለስ ወይም በደንብ በተለበጠ ኩሬ ተጠብቆ መታከም ይገባዋል። ኩሬው ሳይለበጥ የቀረ ወይም ልባጡ የተቀደደ እንደ ሆነ ግን ጨዋማው ውኃ ወደ ዐፈር ሰርጎ የመንደሩን የጕድጓድ ውኃ ይደርስበታል።

ሁለተኛው መቆፈሪያውን ለማቀዝቀዝና የጕድጓዱን ግድግዳ ለመደገፍ የሚፈሰው ጭቃ ነው። በዚህ ጭቃ ውስጥ ባሪየም ያለበት ማዕድንና ልዩ ልዩ ጨው ይጨመራል። ሥራው ካለቀ በኋላ ጭቃው በጕድጓዱ አጠገብ በሜዳ የተተወ እንደ ሆነ የክረምቱ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል።

ሆፍኑንግስሳይሸን የተባለ የጀርመን የርዳታ ድርጅት በታር ጃት አካባቢ ያለውን የመጠጥ ውኃ ለብዙ ዓመታት ሲያስመረምር ቆይቶ፣ ውኃው ጨው የበዛበት መሆኑን ገልጿል። በ2017 በታተመ ጥናትም በዚያ ከሚኖሩ ሰዎች በተወሰደ ፀጕር ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድንና ባሪየም በርክቶ መገኘቱ ተመዝግቧል። እርሳስ በውኃ ውስጥ ሲሟሟ ጣዕም የለውም፤ ቀለምም የለውም። በሕፃናት አእምሮና በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ግን በሕክምና የተረጋገጠ ነው።

ውኃ በማፍላት ብቻ ይነጻል የሚል እምነት በብዙ ስፍራ አለ። ማፍላት የበሽታ ተሕዋስያንን እንደሚገድል እውነት ነው፤ ጨውንና ማዕድንን ግን አያስወግድም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት እየቀነሰ ሲሄድ በድስቱ ውስጥ የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል።

3ኛ/ ጎርፉና የአየር ንብረት ለውጥ

በዚህ ላይ ጎርፍ ተጨመረበት። ከ2019 ጀምሮ በየዓመቱ ከባድ ጎርፍ ደርሷል። በ2021 በቤንቲው ዙሪያ ያለው ሜዳ ተጥለቅልቆ፣ ከተማዪቱና የስደተኞቹ ሰፈር በዐፈር ግድብ ብቻ ተከበው በውኃ መካከል ቀሩ፤ ውኃውም ክረምት ቢያልፍ አልሸሸም። በ2024 ጎርፉ የደረሰበት ሰው 1.4 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆነ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል። አርሶ የሚኖረው ማሽላውን፣ አርብቶ የሚኖረው ከብቱን አጣ።

ጎርፍ ሜዳውን ሲሸፍን የቆሻሻ ኩሬውንና የመጠጥ ጕድጓዱን አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የአየር ንብረት ለውጥና የዘይት ብክለት በሁለት መሥሪያ ቤት የሚጻፉ ሁለት ጉዳዮች ቢመስሉም፣ በውኃ ቀጂዋ ሴት እንስራ ውስጥ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው።

አንዳንዶች ጎርፍ የእግዚአብሔር ሥራ ስለ ሆነ ሰው አይጠየቅበትም ይላሉ። ነገር ግን ሜዳው በውኃ እንደሚዋጥ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህን እያወቀ የኩሬውን ግድብ ዝቅ አድርጎ የሠራ ሰው፣ ጎርፉን አላመጣውም፤ መርዙን ግን በጎርፉ መንገድ ላይ አስቀምጧል።

4ኛ/ ሕጉ ምን ይላል?

ደቡብ ሱዳን ሕግ የላትም ማለት ስሕተት ነው። ዋና ዋናዎቹን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ሀ/ በ2011 የወጣው የሽግግር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 እያንዳንዱ ሰውና ማኅበረሰብ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህም መብት ለሚመጣው ትውልድ ጭምር የተሰጠ ነው። ከዚህም በላይ በየደረጃው ያለ መንግሥት የሕዝቡን የኀይል ፍላጎት የሚያሟላና አካባቢን የሚጠብቅ የኀይል መመሪያ እንዲያወጣ ያዛል።

ለ/ በ2012 የወጣው የነዳጅ ዘይት ሕግ፣ ፈቃድ የተሰጠው ኩባንያ ብክለት ላደረሰው ጕዳት፣ ጥፋት መሥራቱ ሳይጠየቅ፣ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ቃል ከፍ ያለ ዋጋ ስላለው ጥቂት እናብራራው። በተራ ሙግት ተበዳዩ ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፤ እነርሱም ጕዳቱ መድረሱና ተከሳሹ በቸልተኝነት ወይም በክፋት መሥራቱ ናቸው። በዚህ ሕግ ግን ሁለተኛው ሸክም ከከብት አርቢው ትከሻ ላይ ወርዷል። ኩባንያው «ተጠንቅቄ ነበር» ቢል እንኳ ከካሳ አይድንም። ከብት አርቢው ሊያስረዳ የሚገባው መጐዳቱንና ጕዳቱ የመጣው ከዚያ የዘይት ሥራ መሆኑን ነው።

ሐ/ በ2013 የወጣው የነዳጅ ዘይት ገቢ አስተዳደር ሕግ፣ ከዘይቱ የተጣራ ገቢ 2 ከመቶው ዘይቱ ለሚወጣበት ክፍለ ሀገር፣ 3 ከመቶው በዚያ ለሚኖረው ማኅበረሰብ እንዲከፈል ወስኗል። ይህ ክፍያ ከልማቱ የሚገኝ ድርሻ እንጂ የብክለት ካሳ አለመሆኑን መገንዘብ ያሻል። አንዱ ሌላውን አይተካውም።

5ኛ/ ታዲያ ለምን አልተፈጸመም?

ሕጉ በሥራ ላይ ሳይውል የዘገየበት ምክንያት አንድ አይደለም። ፊተኛው በዲሴምበር 2013 የተነሣው ጦርነት ነው። በዩኒቲ ክፍለ ሀገር ሠራተኞቹ ሥራውን ትተው ሲወጡ ቧንቧውና ማጠራቀሚያው ያለ ጠባቂ ቀረ፤ በውጊያም ተሰባብሮ ዘይቱ ወደ ሜዳ ፈሰሰ። በዚያ ሁኔታ የትኛው ጕዳት በጦርነት፣ የትኛው በሥራ ጕድለት እንደ ደረሰ ለመለየት አስቸጋሪ ሆነ።

ሁለተኛው የጥቅም መደራረብ ነው። መንግሥት ፈቃድ ሰጪ ነው፤ ተቈጣጣሪ ነው፤ ናይልፔት በተባለው ኩባንያው አማካይነትም በዘይት አውጪዎቹ ማኅበራት ውስጥ ባለድርሻ ነው። የደመወዙና የበጀቱ ምንጭ ደግሞ ያው ዘይት ነው። በአንድ ችሎት ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ተከሳሽም መሆን ለማንም ሰው የሚከብድ ሥራ ነው። አጠቃላይ የአካባቢ ጥበቃ ሕግም ከነጻነት በኋላ ለብዙ ዓመታት በረቂቅ ቆይቷል።

ሦስተኛውና በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው የመነሻ መዝገብ አለመኖሩ ነው። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የየጕድጓዱ ውኃ ተመርምሮ ቢመዘገብ ኖሮ፣ ዛሬ ያለውን ከዚያ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ማሳየት ቀላል በሆነ ነበር። መዝገቡ ከሌለ ግን «ውኃው ከጥንትም ጨዋማ ነበር» የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህን መልስ ለማፍረስም ብዙ ድካም ያስፈልጋል።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2018 በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ስምምነት በምዕራፍ 4 ስለ ተፈጥሮ ሀብትና ስለ ዘይቱ አስተዳደር ደንግጓል። በ2020ም መንግሥት የዘይት ቦታዎቹ አጠቃላይ የአካባቢ ምርመራ እንዲደረግባቸው ጨረታ አውጥቷል። እንዲህ ያለው ምርመራ ዋጋ የሚኖረው ውጤቱ ለማኅበረሰቡ በሚሰማው ቋንቋ የተነገረ እንደ ሆነ ነው። በመሳቢያ የተቈለፈ ምርመራ የማንንም ከብት አያድንም።

6ኛ/ ከሀገር ውጭ ያሉ የፍርድ መንገዶች

ደቡብ ሱዳን በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ሆናለች። የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት የሚያስችለው በታንዛኒያ በአሩሻ ከተማ ነው። በማኅበረሰቡ ውል አንቀጽ 30 መሠረት፣ በአባል ሀገር የሚኖር ማንኛውም ሰው የመንግሥት ድርጊት ውሉን ይጥሳል ብሎ ያመነ እንደ ሆነ አቤት ለማለት ይችላል። ሆፕ ፎር ሂዩማኒቲ አፍሪካ የተባለ ድርጅት በ2020 ስለ ዘይት ብክለት በደቡብ ሱዳን መንግሥት ላይ ክስ ያቀረበው በዚሁ በር ገብቶ ነው።

ነገር ግን ይህ በር ጠባብ ነው፤ ውሉ የሰጠው ጊዜ 2 ወር ብቻ ነውና። ሁለቱ ወር የሚቈጠረው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም አቤት ባዩ ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። ለዚህም ግልጽ ምሳሌ አለ። ከዩጋንዳ ሆይማ እስከ ታንዛኒያ ታንጋ 1,443 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋውን የዘይት ቧንቧ በመቃወም አራት ድርጅቶች በኖቬምበር 2020 ለዚሁ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የመጀመሪያ ደረጃው ችሎት በኖቬምበር 2023 ክሱን የዘጋው የአካባቢውን ጕዳይ መርምሮ አይደለም፤ ክሱ መቅረብ የነበረበት በ2017 ስለ ነበር ጊዜው አልፏል በማለት ነው። ስለዚህ የጕዳቱን ቀን ያልመዘገበ ሰው ገና ሙግቱ ሳይጀመር ሊረታ ይችላል።

በሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤትም የአየር ንብረትን በሚመለከት ጁላይ 23 ቀን 2025 አስተያየቱን በአንድ ድምፅ ሰጥቷል። ጥያቄው የመነጨው ቫኑዋቱ ከተባለች ትንሽ የደሴት ሀገር ሲሆን፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በማርች 2023 ለፍርድ ቤቱ መርቶት ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዳለው መንግሥታት የአየር ንብረትን ከሙቀት አማቂ ጋዝ የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው፤ ግዴታውን የጣሰ መንግሥት ድርጊቱን እንዲያቆም፣ እንደ ሁኔታውም እንዲክስ ሊጠየቅ ይችላል። የዘይት ፍለጋ ፈቃድ መስጠትና ለነዳጅ ድጎማ መክፈልም በዚህ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ገልጿል።

ይህ አስተያየት እንደ ፍርድ አስገዳጅ አይደለም፤ ዳኞችና ተደራዳሪዎች ግን ይጠቅሱታል። ለደቡብ ሱዳን ሁለት ወገን አለው። በአንድ ወገን፣ ለዓለም ሙቀት ያዋጣችው ጋዝ እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ በጎርፍ ለተጐዳች ሀገር የአቤቱታ መሠረት ይሰጣል። በሌላው ወገን፣ ዘይት ለሚያወጣ መንግሥት የራሱን ፈቃድ አሰጣጥ እንዲመረምር ያስጠነቅቃል። ከባለጠጎቹ ሀገሮች ካሳ የሚጠይቅ መንግሥት፣ በገዛ ሜዳው ለተጐዳው ከብት አርቢ ካሳ አልከፍልም ሊል አይገባውም።

7ኛ/ ስለ ጁባ ከሰል

ከላይ የጠቀስነው አንቀጽ 41 ስለ ኀይል መመሪያ የሚለው ቃል በጁባ ገበያ በግልጽ ይፈተናል። በኖቬምበር 2019 በጁባ በነዳጅ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በመጀመሪያ ደረጃ 33 ሜጋዋት ይዞ ተመርቋል። ቢሆንም በሀገሪቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሰው ከመቶ 10 እጅ አይሞላም። የጁባ ቤተ ሰብ አብዛኛው የሚያበስለው በከሰል ነው። ከሰሉ በከተማዪቱ ዙሪያ ካለው ዱር ስለሚመጣ ዱሩ በየጊዜው እየራቀ ይሄዳል፤ ዛፍ የሌለው ዐፈርም ዝናብን አይዝም።

ዘይት የምትሸጥ ሀገር እናት በከሰል ጢስ ስታበስል ማየት የሚያሳዝን ነው። ከሰል አክሳዩን በቅጣት ብቻ ማሳደድ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ የሚበላው አጥቶ የሚቈርጥ ድኻ ነውና። ሕገ መንግሥቱ የሚያዘው ፍላጎቱን አሟልቶ አካባቢውን መጠበቅ ስለ ሆነ፣ ቅጣቱ ከመምጣቱ በፊት እንጨት የሚቈጥብ ምድጃ፣ በየሰፈሩ የሚተከል የማገዶ ዛፍና ዋጋው የሚቻል ሌላ ማገዶ መቅረብ አለበት።

8ኛ/ ለአራሹ፣ ለከብት አርቢውና ለአካባቢ ሹማምንት የሚሰጥ ምክር

ከላይ እንደ ተገለጸው ሕጉ የጥፋቱን ማስረጃ ከተበዳዩ ላይ አንሥቶ የጕዳቱን ማስረጃ ትቶበታል። ስለዚህ የሚከተሉትን መፈጸም ይጠቅማል።

ሀ/ መዝገብ መያዝ። መንደሩ አንድ ደብተር ይዞ፣ ውኃው ቀለሙን ወይም ጣዕሙን የለወጠበትን፣ ዓሣ የሞተበትንና ከብት የጨነገፈበትን ቀን ይጻፍ። መጻፍ የሚችል ሰው ከሌለ መምህሩ ወይም የጤና ረዳቱ ይጻፍላቸው፤ ሽማግሌዎችም በጣታቸው ይፈርሙ።

ለ/ የውኃ ናሙና መውሰድ። ጠርሙሱን በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እስከ አፉ መሙላትና አጥብቆ መክደን ይገባል። ዘይት ለመመርመር ግን ሳያለቀልቁ በንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ መቅዳት ነው፤ ዘይት በፕላስቲክና በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃልና። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የቀጂውን ስም ጽፎ በጥላ ማስቀመጥ፣ ሳይዘገዩም ወደ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል። ሁለት ናሙና ተወስዶ አንዱ በሽማግሌ እጅ ቢቀመጥ ለክርክር ይረዳል።

ሐ/ ከላይና ከታች ማስተያየት። ከተጠረጠረው ኩሬ በላይ ካለ ጕድጓድና በታች ካለ ጕድጓድ በአንድ ቀን ናሙና ቢወሰድ፣ የመነሻው መዝገብ ባይኖር እንኳ ልዩነቱ ራሱ ይመሰክራል።

መ/ የሞተ ከብት ሳይቀበር ለእንስሳት ሐኪም ማሳየትና ወረቀት መቀበል። ያለ ሐኪም ወረቀት ከብቱ በበሽታ ሞተ ወይስ በውኃ የሚለው ክርክር አያልቅም።

ሠ/ አቤቱታን በጽሑፍ አቅርቦ የተቀባዩን ፊርማ በግልባጩ ላይ ማስፈረም። በቃል የተነገረ አቤቱታ ቀን የለውም።

በኢትዮጵያም በ1995 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ተመሳሳይ መንገድ አበጅቷል። በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ ጕዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጐዳ ሰው ላይ ለባለሥልጣኑ አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ያልተሰጠው ወይም በውሳኔው ያልተደሰተ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ እንዲያቀርብ ደንግጓል። በአሩሻም ሆነ በአዲስ አበባ ቀን መቍጠር የሙግቱ መጀመሪያ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መደምደሚያ

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የተበላሸ ውኃም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ጥማት ያረካል፤ ጕዳቱን የሚያሳየው ከዓመታት በኋላ በሕፃኑና በጥጃው ላይ ነው። የደቡብ ሱዳን ሕግ አውጪዎች ያበላሸ ይክሳል ብለው በጽሑፍ አስቀምጠዋል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። የቀረው ሥራ ሁለት ነው። በጁባ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ምርመራውን ለሕዝብ ይግለጹ፤ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቈጣጠረው ክፍልም የተለያየ ይሁን። በታችኛው ወገን ያለው ሕዝብ ደግሞ ጕዳቱን በቀንና በቦታ ለይቶ ይመዝግብ። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ በጁባ የተጻፈው ቃል እስከ ሱድ ረግረግ ይደርሳል፤ ያለዚያ ግን ከብት አርቢው የሚያውቀው ሕግ ጎርፉ ያመጣለትን ብቻ ሆኖ ይቀራል።